ከነጩ ቀለም ሥር

ባለፈው ወር አንዱ ቸኳይ ከኋላ ገጭቶኝ መኪናዬን ኢንሹራንሱ ወደ መረጠልኝ ጋራዥ ወሰድኳት። በሩን ገና ሳልፍ የስቱኮና የቲነር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ስቱኮ ማለት የተጨረመተ ላሜራ ከተቃና በኋላ ጎድጓዳውን ለመሙላት የሚለጠፈው ነገር ነው፤ ሲፈገፈግ ዱቄቱ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። የጋራዡ ልጅ ብዕር ዘርግቶልኝ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ይለኛል፣ እኔ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ሜልቦርን ዳር፣ ክሬጊበርን ውስጥ ጣሪያው ከቆርቆሮ በተሠራ መጋዘን በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጬ በብርድ እንቀጠቀጣለሁ። እዚያው ማልቀስ አማረኝ። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈርሜ ወጣሁ።

ያን ክረምት እኔና እማዬ የምንኖረው ካርልተን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ ነበር። ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ጋሼ በዛብህ ብቻቸውን ይኖራሉ። አዲስ አበባ እያሉ ባትላሜ ነበሩ፤ የተጋጨ መኪና አካል እየቀጠቀጡ የሚያቃኑ። ሜልቦርን ከመጡ በኋላ ለዓመታት በዶሮ ፋብሪካ ዶሮ ሲገነጥሉ ኖረው፣ ወገባቸው እምቢ ሲል ሮን የሚባል ፈረንጅ ቅዳሜ ቅዳሜ ያሠራቸው ጀመር። ሮን የድሮ አሜሪካ መኪኖችን እየገዛ እንደ ጥንታቸው የሚያድስ ሰው ነው። ሞተራቸው ከአካላቸው የገዘፈ፣ ሲነሡ መስኮት የሚያንቀጠቅጡ መኪኖች ናቸው። እኔ ጩኸታቸውን እጠላው ነበር።

እማዬ ቅዳሜ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ሺፍት ስላላት እኔን ለጋሼ በዛብህ ትሰጠኛለች። "እሳቸው አንቺን ይጠብቃሉ፣ አንቺ ደግሞ እንግሊዝኛቸውን ትጠብቂላቸዋለሽ" አለችኝ። ሥራዬ ይኸው ሆነ። ሮን የሚናገረው ከንፈሩን ሳያላቅቅ ነበር፤ ሌላ ሰው የሚያወራውን ቢያንስ በግማሽ የሚሰሙት ጋሼ በዛብህ የእሱ ሲሆን ዞር ብለው "ምን አለ ይኼ?" ይሉኛል።

ሮን ከማደሱ ይልቅ የሚወደው የመኪኖቹን ታሪክ መከታተል ነበር። ፋብሪካው ብረቱ ላይ ከመታው ቁጥር ተነሥቶ የት እንደተሠራች፣ መጀመሪያ ምን ቀለም እንደነበረች፣ ሞተሩ የራሷ ይሁን የሌላ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መካከል ወትፎ ባለቤቶቿን አንድ በአንድ ያስሳል። የሞቱትን ከልጆቻቸው፣ የተሰደዱትን ከጎረቤቶቻቸው ይጠይቃል። ጋሼ በዛብህ በዚህ በጣም ይስቁ ነበር።

"እኛ አገር እስከ ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለጋብቻ ነው" አሉኝ አንድ ቀን። "ይቺን ለማን ሊድራት ነው እንዲህ ዘሯን የሚቆጥረው?"

ይህን ለሮን ተርጉሜለት አልገባውም። እኔም ቢሆን ደህና የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ብርዱ በጸናበት ሰሞን ሮን አንዲት ነጭ ሙስታንግ በጭነት መኪና አስመጣ። ጎማዎቿ ሟሙተዋል፣ መቀመጫዎቿን አይጥ በልቷቸዋል። መሪዋ እንደዚህ አገር በቀኝ ሳይሆን በግራ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት እንደሸጠችለት፣ ባልየው ለእርዳታ ድርጅት ይሠራ እንደነበርና መኪናዋን ከአፍሪካ እንዳመጣት ነገረን።

"አፍሪካ ሰፊ ነው" አሉ ጋሼ በዛብህ። "ከየት?"

ሮን ገና አላወቀም። ሴትዮዋ ኩዊንስላንድ ልጇ ዘንድ ሄዳለች፣ ስትመለስ እጠይቃታለሁ አለ።

ጋሼ በዛብህ የቀኙን የፊት ጎማ የሚሸፍነውን ፓራፋንጎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጉ ጀመር። እኔ ሳጥኔ ላይ ሆኜ ጥፍሬን እበላለሁ። ከነጩ ቀለም ሥር ቀይ ወጣ። ከቀዩ ሥር አሮጌ ስቱኮ፣ ከስቱኮው ሥር ደግሞ ከሌላ ብረት የተቆረጠ ጥፍጥፍ ወጣ፤ ዳር ዳሩ የተበየደ የዘይት በርሜል ቆርቆሮ ነበር። እጃቸው ቆመ። ጎንበስ ብለው ከውስጥ በኩል በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አሉ። የታመሙ መሰለኝና ሮንን ልጠራ ተነሣሁ።

"ተይው" አሉኝ። "ይቺን እኔ ነኝ የሠራኋት።"

ስንመለስ መኪና ውስጥ ነገሩኝ። ለልጅ የሚነገር ነገር አልነበረም፤ ግን ከእኔ ሌላ ማን አጠገባቸው አለ? በጃንሆይ ጊዜ አንድ ሀብታም ቀይ ሙስታንጉን ግንብ ላትሞ ወደሚሠሩበት ጋራዥ ያመጣል። እንዲያ ያለ መኪና መለዋወጫ ከተማው ውስጥ ስለሌለ ጋሼ በዛብህ ከበርሜል ቆርጠው ፓራፋንጎውን ጣፉት። ደርግ ሲመጣ ሀብታሙ ታሰረ፣ መኪናዋም ተወረሰች። የቀይ ሽብር ጊዜ ደረሰና አንድ ማለዳ ያቺው መኪና እነ ጋሼ በዛብህ ቤት በር ላይ ቆመች። ታናሽ ወንድማቸውን ታምራትን፣ ተማሪውን፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አውጥተው ከኋላ ኮፈኗ ውስጥ ከተቱት።

"እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማየው የራሴን ሥራ ነበር" አሉ። "ስቱኮው ትንሽ ተሰንጥቋል፣ ደህና አድርጌ አላደረቅኩትም ነበር እያልኩ አስባለሁ። ወንድሜን እየወሰዱት እኮ ነው።"

ታምራት ከዚያ ወዲያ አልታየም። ሞተ ብሎ የነገራቸው የለም፣ አስከሬንም አልተሰጣቸውም። እናታቸው እማማ ወርቄ ደግሞ ሬሳውን ያላየሁትን ልጅ አላለቅስም ብለው ለቅሶ እንዳይቀመጥ ከለከሉ። ጎረቤት እርማችሁን አውጡ ቢል፣ የንስሐ አባት ቢመክር እምቢ አሉ። ልጃቸው በሄደ በሃያ ምናምን ዓመቱ፣ ያን ጊዜ እኔ ከጋሼ በዛብህ ጎን በተቀመጥኩበት ሰዓት፣ እርሙ አልወጣም ነበር። ጋሼ በዛብህ ለወንድማቸው አንዲት ቀን እንኳ ድምፅ አውጥተው አላለቀሱም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ኮፈኑን ነበር። የሙስታንጓ የኋላ ኮፈን ቁልፉ ጠፍቷል፣ ዝጎም ተጣብቋል። ታምራት እዚያ ውስጥ ገብቷል፣ ከወጣ ያየው ሰው የለም፤ ስለዚህ አሁንም እዚያ ነው ያለው። ለእኔ ሒሳቡ ግልጽ ነበር። በመኪናዋ ኋላ ማለፍ ትቼ ሽንት ቤት ስሄድ እንኳ በፊት በኩል ዞሬ እሄዳለሁ። ሮን በፌሮ ፈልቅቆ ሊከፍት የተነሣ ቀን ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። ስወጣ ኮፈኑ ተከፍቷል፤ ውስጡ አንድ የከሳ ጎማና የአይጥ ጥራጊ ብቻ። ጋሼ በዛብህ ግን ግማሽ አካላቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው ወለሉን እስከ ጥጉ በመዳፋቸው ይዳስሱ ነበር። ምን እንደፈለጉ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

የዚያኑ ቀን በእኔ በኩል ጉዳዩን ለሮን ነገሩት። ሮን ቆቡን አወለቀ። ከዚያ፣ ጊዜ ስጡኝ እንጂ ይቺን መኪና በእጁ የያዘን እያንዳንዱን ሰው አገኛለሁ አለ። መጥፎ ሰው አልነበረም፣ የሚችለውን ነው የተናገረው። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት።

"እያንዳንዱን?" አሉ ጋሼ በዛብህ።

"እያንዳንዱን ነው ያለው።"

ለእሳቸው ይህ በቃቸው። ለእርዳታ ሠራተኛው ማን ሸጠለት? ለሻጩስ ማን ሰጠው? እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ቢሄዱ ያን ማለዳ መሪውን የያዘው ሰው ዘንድ ይደረሳል። ያ ሰው ታምራትን የት እንዳወረደው ያውቃል። የት እንደተጣለ ከታወቀ አጥንቱ ይለቀማል። ማታውን እኛ ቤት መጥተው ከእማዬ ጋር ተከራከሩ።

"ምናለ ጋሼ፣ ሴትዮዋ እስክትመጣ ቢታገሡ?" አለች እማዬ። "ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆን። ለእማማ ወርቄ ከነገሯቸው በኋላ መመለሻ የለውም።"

"ሰማንያ አልፏቸዋል እኮ። እኔ ስታገሥ እሳቸው ቢያልፉስ?"

የስልክ ካርድ ፍቀው በእኛ ስልክ ደወሉ። የዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ሲደወል ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ "እማማ! መኪናዋ ተገኘች! የታምራት መኪና!" ሲሉ ግድግዳው አስተጋባ። ከወዲያ ጫፍ አንዲት ቀጭን ድምፅ፣ እኔ ድረስ የምትሰማ፣ "እሷ ከተገኘች እሱም ይገኛል" አለች።

በሳምንቱ ጎረቤታቸው ደውላ እማማ ወርቄ ደብራቸው ሄደው ለራሳቸው ከያዙት መቃብር ጎን ቦታ እንዲያዝላቸው መለመናቸውን ነገረችን። ለልጄ ነው ብለዋል። መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ጋሼ በዛብህ ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። እማዬ ፊቷን አዞረች።

አሮጊቷ ከኩዊንስላንድ ተመልሳ ጋራዥ የመጣችው ብርዱ መሰበር ሲጀምር ነው። ስሟ ማርጋሬት ነው፤ ለእኔ ብስኩት ይዛልኝ መጣች። ሮን ክንዷን ደግፎ መኪናዋ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን፣ አስቀመጣት። ዳሽቦርዱን እንደ ድመት ደባበሰችው። ጋሼ በዛብህ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መስኮቱ ላይ ጎንበስ አሉ፤ እኔ በመካከላቸው ቆምኩ።

ሴትዮዋ ወሬ ይጣፍጣታል። መኪናዋን የገዙት ካርቱም እንደሆነ፣ አገሩን ለቆ የሚሄድ አንድ አሜሪካዊ እንደሸጠላቸው ተናገረች። ባሏ ፍየል ላለመግጨት ሲጠመዝዝ ከአጥር ጋር እንዳላተማት፣ ካርቱም ያለ አንድ ቀጥቃጭም በበርሜል ቆርቆሮ እንደጠገነላቸው እየሳቀች አወራች። ቀይ ነበረች፣ በዚያ ፀሐይ ውስጧ እንደ ምድጃ ሲግል ነጭ አስቀባናት አለች። እኔ እከተላለሁ፣ እተረጉማለሁ። ከዚያ ሮን የጋሼ በዛብህን አገር ሲነግራት ፊቷ በራ።

"የንጉሣችሁን ከዙፋን መውረድ የሰማነው በዚህ ራዲዮ ነው" አለች፣ ራዲዮውን እየነካች። "ከገዛናት ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ባሌ መንገድ ዳር አቁሞ አዳመጥን።"

ስለ እኛ አገር በመወራቱ ደስ ብሎኝ ከሌላው ሁሉ አጥርቼ ተረጎምኩት። እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ቆሞ እንደማይነገር፣ መጀመሪያ ቁጭ በሉ እንደሚባል ማን ነግሮኝ?

ጋሼ በዛብህ ወደ እኔ ዞሩ።

"ደግመሽ ጠይቂልኝ። ጃንሆይ ሳይወርዱ ነው የገዛችኋት?"

ጠየቅኳት። አዎ አለች፣ ያልሰማሁ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

"ከዚያስ ወዲህ ሌላ አገር ሄዳለች? ሸጣችኋት መልሳችሁ ገዝታችኋት ይሆን?"

የትም አልሄደችም። ከካርቱም በመርከብ በቀጥታ ሜልቦርን ነው የመጣችው፣ ከዚያ ወዲህ ጋራዣቸው ውስጥ ነው የኖረችው። ታምራትን የወሰደችው መኪና ጃንሆይ ከወረዱ በኋላም አዲስ አበባ ውስጥ ነበረች። ይቺ ያቺ እንዳልሆነች እኔ እንኳ ልደምረው ቻልኩ።

"ንገሪያት" አሉ ጋሼ በዛብህ። "ደህና አድርገው ነው የያዟት በያት። እግዜር ይስጣት።"

ሴትዮዋ ተደስታ እጃቸውን ጨበጠች። ሮን ገብቶታል፤ ከመጋዘኑ ወጥቶ ሲጋራ ለኮሰ። ጋሼ በዛብህ ስቱኮ በጠበጡና ያን የካርቱም ጥፍጥፍ ይሞሉት ጀመር። ሞሉት፣ አደረቁት፣ ፈገፈጉት፤ ሌላ እጅ እንዳልነካው እስኪለሰልስ ድረስ። የዚያን ዕለት ሽታ ነው ባለፈው ወር የመታኝ።

"እጁ እንደ እጄ ነው" አሉ ስለማያውቁት ቀጥቃጭ። "መለዋወጫ ያጣ ሁሉ በርሜል ነው የሚቆርጠው። ምን ሆኜ ነው ይህን የረሳሁት?"

ወደ ቤት ስንመለስ "ለእማማ ወርቄ ይነግሯቸዋል?" ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ምን ብዬ?"



ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሣት ተዉ። ሲደወል ቁጭ ብለው ስልኩን ያዩታል። የአዲስ አበባዋ ጎረቤት እኛ ቤት ትደውልና እማማ ወርቄ "መኪናዋ ምን አለች?" ብለው እንደሚጠይቁ ትነግረናለች። እውነቱን መናገር የእማዬ ድርሻ አይደለም፤ ገና እየተጠየቀ ነው ትላለች። ጋሼ በዛብህ ቅዳሜ ቅዳሜ መሥራታቸውን አልተዉም። ሙስታንጓ እያማረች ሄደች። ሮን ቁጥሯ እንደሚለው መልሶ ቀይ ቀባት። ያን ቀን ጋሼ በዛብህ ጀርባቸውን ለእሷ ሰጥተው ምሳቸውን በሉ፤ እኔ እንጀራቸው ላይ የወረደውን እንባ እንዳላየ ሰው ብስኩቴን ቆረጠምኩ። ሰው እንዲህ ሆኖ ለምን ነገ ይነሣል? ይህን ጥያቄ ያን ጊዜም ጠይቄዋለሁ፣ ዛሬም መልስ የለኝም።

አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደገባሁ ስልክ ጮኸ። እማዬ ተቀብላ ትንሽ ሰማችና መኝታ ቤት ገብታ ዘጋች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ወዲያው አጠገባችን ካለው ሰፈር፣ ፊትዝሮይ፣ ወደሚኖሩት ወደ ሐጂ ሰይድ ደወለች። ሐጂ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ውስጥ ከባድ ነገር ሲመጣ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚጠራው እሳቸውን ነበር። በሹክሹክታ "ጠዋት፣ ከቤት ሳይወጡ" ስትል ሰማኋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ለጋሼ በዛብህ ትንፍሽ እንዳትይ።"

ትምህርት ቤት ክፍላችን ውስጥ እንዲህ ሹክ የሚባለው ለአንድ ልጅ በድብቅ ልደት ሲዘጋጅ ነው። ስለዚህ ገባኝ፤ ታምራት ተገኝቷል። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ሁሉም ተሰብስበው ማልደው ሊያበሥሯቸው ነው። እማዬ ያለቀሰችውም ከደስታ ነው። የዓመት በዓል ቀሚሴን አውጥቼ ወንበር ላይ ዘረጋሁት፤ ጠዋት ስለብሰው እማዬ አይታኝ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ስለነበር ምንም አላለችም።

ገና ሲነጋጋ ከጋሼ በዛብህ በር ፊት ቆምን። ሐጂ ሰይድ ከፊት፣ ሁለት ጎልማሶች ከግራና ከቀኛቸው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን በጃኬት ሸፍነው ከኋላ። ሊፍቱ እየተከፈተ እየተዘጋ ሰው ይጨምራል። በመካከላቸው ተሹለክልኬ ፊት ደረስኩ።

ጋሼ በዛብህ ቱታቸውን ለብሰው፣ ለጋራዡ የሚይዙትን የሻይ ቴርሞስ አንጠልጥለው ከፈቱ። ሐጂን አዩ። ከሐጂ ኋላ ያለውን ሰው ሁሉ አዩ። ያገሬ ሰው እንዲያ ተሰልፎ በማለዳ ሲመጣ ለምን እንደሚመጣ አዋቂ ሁሉ ያውቃል፤ ጋሼ በዛብህም ስንቱን ቤት እንዲያ ሄደው አንኳኩተዋል። ግን ፊታቸው ላይ የወጣው እኔ ፊት ላይ ያለው ነገር ነበር።

"ተገኘ?" አሉ።

ሐጂ ሰይድ የጋሼ በዛብህን ትከሻ ያዙ። "እስቲ እንግባ፣ በዛብህ። ቁጭ በል መጀመሪያ።"

"ተገኘ ወይ፣ ሐጂ? አጥንቱ ነው?"

ሁለቱ ጎልማሶች ክንዳቸውን ይዘው ሶፋው ላይ አስቀመጧቸውና ከግራና ከቀኝ ተጠጓቸው። ሐጂ ሰይድ ከፊታቸው ተንበረከኩ።

"እናታችን ናቸው፣ ወንድሜ። እማማ ወርቄ ትላንት አርፈዋል።"

አንዷ ሴት ልትጮህ አፏን ስትከፍት ጋሼ በዛብህ እጃቸውን አነሡ።

"መኪናዋ እንዳልሆነች ነገሯቸው?"

"ማንም አልነገራቸውም።"

"እየጠበቁ ነው ያረፉት?"

ሐጂ ሰይድ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እየጠበቁ ነው።"

እኔ ቀሚሴን በእጄ ጨብጬ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ።

"እንግዲያው መጀመሪያ ለታምራት አልቅሱለት" አሉ ጋሼ በዛብህ። "ከልካያችን እማማ ነበሩ። አሁን የሚከለክለን የለም።"

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ እማዬ ጃኬቷን ጣለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ "ታምራት፣ ታምራት ወንድሜ" ብላ ጀመረች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። እዚያ ክፍል ውስጥ ከጋሼ በዛብህ በቀር ታምራትን በዓይኑ አይቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።